የችግኝ አፈር በጎንደርና አካባቢው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች በጎንደር ከተማ፣ በአዘዞ፣ በደምቢያ፣ በወገራና በዙሪያው ችግኝ ለሚያፈሉ የወጣት ማኅበራት፣ የትምህርት ቤት ክበባት፣ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያናትና ገበሬዎች የተዘጋጁ ናቸው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በጥር ደርቆ ሲገኝ ጥፋቱ በዝናቡ፣ በፍየሉ ወይም በተካዩ ይሳበባል። ብዙውን ጊዜ ግን ችግኙ ያለቀለት ገና በሚፈላበት የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሳለ ነው፤ ሥሩ መሄጃ አጥቶ ተጠምዝዞ ወይም ውኃ በጠገበ አፈር ታፍኖ። ስለዚህ አብዛኛው መልስ ስለ አፈሩ ነው።

ለፕላስቲክ የሚሆነው የአፈር ድብልቅ ልኩ ስንት ነው?

መነሻው 3 ለ 2 ለ 1 ነው፦ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ የወንዝ አሸዋ። መለኪያው ባሬላም ይሁን ጣሳ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ፣ ለሦስቱም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአካፋ ቁጥር መለካት ያሳስታል፤ እርጥብ አሸዋ አካፋው ላይ ተከምሮ ሲነሣ ደረቅ ኮምፖስት ግን ግማሹ ይፈስሳል፤ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ድብልቅ ከታሰበው በላይ አሸዋማ ይሆናል።

ይህ ልክ የሚሠራው የአካባቢው አፈር መካከለኛ ሲሆን ነው። ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወረድ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ በዚህ ልክ ከተሞላ ችግኙን ይገድለዋል። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፕላስቲክ ውስጥ ሲኮማተር ከግድግዳው ይላቀቅና ዙሪያውን ቀጭን ክፍተት ይፈጥራል። ጠዋት የሚጠጣው ውኃ በዚያ ክፍተት ወርዶ በታች ይፈስሳል፤ ከላይ ያየ ሰው ጠጥቷል ይላል፣ መሐሉ ግን ደረቅ ጡብ ነው። ዋልካ ብቻ ያለው ሰው 1 እጅ ዋልካ፣ 2 እጅ ኮምፖስትና 2 እጅ አሸዋ ብሎ ይጀምር። ከወንዝ ዳር የሚነሣ አሸዋማ ደለል ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ አሸዋ አያስፈልገውም፤ 1 ለ 1 በኮምፖስት ይበቃዋል።

ሦስቱም ለየብቻቸው በ1 ሴንቲ ሜትር ወንፊት ይነፉ። ለዘር መደብ የሚሆነው ግን ከ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ማለፍ አለበት። ከዚያ ደረቅ እንዳሉ ክምሩን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ 3 ጊዜ ያገላብጡ። ከመሞላቱ በፊት በነበረው ቀን ውኃ ይርጩበት፤ በጭብጥ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ሲሆን ልኩ ደርሷል። ደረቅ አፈር ከፕላስቲኩ ቀዳዳዎች ይፈስሳል፤ ጭቃ የሆነው ሲሞላ ይጠቀጠቅና አየር ያጣል።

አፈሬ ምን ዓይነት እንደሆነ ላቦራቶሪ ሳልሄድ እንዴት ላውቅ?

ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶውን በተነፋ አፈር ይሙሉ፣ ውኃ ይጨምሩና ጥቂት የልብስ ሳሙና ዱቄት አድርገው ለ5 ደቂቃ በደንብ ይናጡት። ቀጥ አድርገው ካስቀመጡት በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ውስጥ ከታች የሚዘቅጠው አሸዋው ነው። በሚቀጥሉት 2 ሰዓታት ውስጥ የሚረጋው ደለሉ ሲሆን ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ቀንና ከዚያም በላይ የሚወስደው ሸክላው ነው። ሦስቱን ንብርብር በማስመሪያ ይለኩ። ሸክላው ከግማሽ ከበለጠ በዋልካው ልክ ይቀላቅሉ።

ጠርሙስ ከሌለም እርጥብ አፈር በመዳፍዎ እንደ እርሳስ አቅጥነው ያድቦልቡሉ። ሳይሰነጠቅ እንደ ቀለበት ከታጠፈ ሸክላው ብዙ ነው፤ መጠቅለሉን እሺ ብሎ ሲታጠፍ ከተሰበረ መካከለኛ ነው፤ ጭራሽ አልጠቀለል ካለ አሸዋማ ነው።

ለ10,000 ችግኝ ስንት አፈር ማዘጋጀት አለብኝ?

ለደን ችግኝ የሚለመደው ፕላስቲክ ተዘርግቶ ሲለካ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ነው። ተሞልቶ ሲቆም ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን የሚይዘው አፈር ወደ 0.3 ሊትር ነው። ስለዚህ 1 ሜትር ኩብ ድብልቅ ከ3,000 የሚበልጥ ፕላስቲክ ይሞላል፤ ለ10,000 ደግሞ 3.3 ሜትር ኩብ ያህል ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሦስቱ ነገሮች ሲቀላቀሉ አሸዋው በኮምፖስቱ ክፍተት ስለሚገባ ድምሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ሳይቀላቀል 4 ሜትር ኩብ ያዘጋጁ፦ 2 አፈር፣ 1.3 ኮምፖስት፣ 0.7 አሸዋ። ኮምፖስቱም ሲበስል ከግማሽ በታች ሊወርድ ስለሚችል 1.3 ለማግኘት ሲጀመር ክምሩ ከ3 ሜትር ኩብ ማነስ የለበትም።

ለማንጎ፣ ለአቮካዶና ለመሳሰሉት የሚሆነው 12 በ25 ፕላስቲክ ከ1 ሊትር በላይ ይይዛል። 1 ሜትር ኩብ ከ850 እስከ 900 ያህል ብቻ ይሞላል ማለት ነው። ቦታውንም አስቀድመው ያስቡበት፤ ትንንሾቹ በ1 ካሬ ሜትር መደብ ላይ 350 ገደማ ይቆማሉ። መደቡ ከ1 ሜትር በላይ አይስፋ፤ ከሁለቱም ወገን ቆሞ መሐሉ ድረስ ማረም የማይቻልበት መደብ አረም ይወርሰዋል።

አባቶች ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ያለውን ጥቁር አፈር ውሰዱ ብለው ፈቅደውልናል። ከኮምፖስት አይሻልም?

አፈሩ ጥሩ ነው፤ እንዲያነሡት ግን አንመክርም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም በቁስቋም ቅጥር ግቢ ያሉት ጥድና ወይራ የቆሙት በላይኛው ስስ ጥቁር አፈር ላይ ነው። የወደቀ ቅጠል በስብሶ ያን ያህል ውፍረት ለመሥራት እጅግ ብዙ ዘመን ይወስዳል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትሩ ሲገፈፍ የመጋቢ ሥሮቹ ብዛት አብሮ ይሄዳል፤ ወድቆ መብቀያውን የሚጠብቀው ዘርም እዚያው ውስጥ ነበረ። አሮጌውን ጥድ አድክሞ አዲስ ጥድ ማፍላት ትርፍ የለውም።

የደን አፈር ኮምፖስት የማይሰጠው አንድ ነገር ግን አለው፤ ከሥር ጋር ተጣብቀው የሚኖሩና ፎስፈረስና ውኃ የሚያቀብሉ ደቂቅ ፈንገሶች። ለዚህ ግን የሚያስፈልገው እንደ እርሾ ጥቂት ነው። ለ20 ባሬላ ድብልቅ 1 ባሬላ ይበቃል። ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከ10 እስከ 15 ከሚሆኑ ቦታዎች አንዳንድ አካፋ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳይጠልቅ ይውሰዱና ቅጠሉን መልሰው ያልብሱት። እርሾው ከዓይነቱ ይሁን፦ ለግራር ከግራር ሥር፣ ለፓይነስ ከፓይነስ ሥር። ፓይነስ በተለይ ያለ ራሱ ፈንገስ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ ይቀራል፤ ኮምፖስት ቢጨመርበትም አይሻሻልም። ለግራርና ለሰስባኒያ ደግሞ ከሥራቸው የሚነሣው አፈር ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎችን ስለሚያመጣ በ2 ወር ገደማ ሥራቸው ላይ ትንንሽ እባጮች ይታያሉ። አንዱን በጥፍርዎ ሰንጥቀው ይዩት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠራም።

ኮምፖስት መቼ ይጀመር? እንዴትስ ይሠራል?

በመስከረም። አረሙና ሣሩ ለምለም የሆነበት፣ ዘር ሳያፈራ የሚታጨድበት፣ መሬቱም እርጥበቱ ያላለቀበት ጊዜ ነው። በመስከረም አጋማሽ የተከመረ በታኅሣሥ መጨረሻ ይደርሳል፤ በጥር ለሚሞላው ፕላስቲክ ልክ ነው። በጥር የሚጀምር ሰው በሚያዝያ ጥሬ ኮምፖስት ለመሙላት ይገደዳል።

ጥላ ያለበት፣ ጎርፍ የማይገባበት ቦታ ይምረጡ። ለ10,000 ችግኝ 2 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋትና 1.2 ሜትር ከፍታ ያለው ክምር ይበቃል። ከታች በአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ጭራሮዎች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፉ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ነገር (የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ፣ የማሽላ አገዳ በ10 ሴንቲ ሜትር ተቆራርጦ)፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር አረንጓዴ አረምና ቅጠል፣ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ፍግ፣ በላዩ በስሱ አፈር። ይህ እየተደጋገመ እስከ ላይ ይወጣል፤ በየንብርብሩ ውኃ ይረጫል። ባሕር ዛፍ ቅጠል አይጨምሩ፤ ዘይቱ መብሰሉን ያዘገየዋል።

ረዘም ያለ ቀጥ ያለ እንጨት መሐሉ ድረስ ተክለው ይተዉት። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን መዘው በእጅዎ ሲይዙት ለመያዝ የሚያስቸግር ሙቀት ካለው ሥራው ተጀምሯል፤ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ የሚደርሰው ይህ ሙቀት ነው የአረም ዘርንና በሽታን የሚገድለው። እንጨቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ሆኖ ከወጣ ውኃ አንሶታል። ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ውኃ በዝቷል፣ ጭድ አንሷል። ሞቅ ብሎ ነጭ ሻጋታ ከያዘ ግን መሐሉ እየደረቀ ስለሆነ ያገላብጡትና ውኃ ይስጡት። ማገላበጥ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ9ኛው ሳምንት፤ የውጪው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ።

የደረሰው ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፣ ሽታው ዝናብ የነካው መሬት ነው፣ ሲገላበጥ ዳግም አይሞቅም። ካላመኑ ጣሳ ሞልተው የሽምብራ ወይም የጤፍ ዘር ይዝሩበት፤ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ፕላስቲክ ውስጥ ይግባ። ቢጫ ሆኖ ከወጣ ወይም ሥሩ ጫፉ ከተቃጠለ ሌላ 3 ሳምንት ይጠብቁ።

እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ፍጉን ከየት እናምጣ?

ይህ በአካባቢያችን እውነተኛ ችግር ነው፤ ማገዶ የሌለው ቤት ኩበቱን ለችግኝ አይሰጥም፣ ሊሰጥም አይገባም። ከኩበት የማይወዳደሩ ምንጮች ግን አሉ። ከብቱ የተኛበት፣ ሽንቱ የጠጣው የበረት ጉዝጓዝ አንዱ ነው፤ አብዛኛው ናይትሮጅን ያለው በሽንቱ ውስጥ ስለሆነ ጭዱ ብቻውን እንኳ ከደረቀ እበት አይተናነስም። የዶሮ ኩስ ሌላው ነው፤ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ከክምሩ ከአሥር አንድ እጅ አይለፍ። የጠላ አተላም ይሆናል፤ ለከብት የማይሰጥ፣ የተበላሸ ካለ ከሁለት እጥፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ ይግባ። አተላ ብቻውን ሲፈስበት ክምሩ ይኮመጥጣል፣ ይታፈናል፣ ዝንብም ይጠራል።

ጥሬ እበት ወይም ጥሬ ኩስ በቀጥታ ፕላስቲክ ውስጥ አይገባም። በጠባቡ ፕላስቲክ ውስጥ ሲፈላ አሞኒያው ለጋውን ሥር ያቃጥላል፤ ችግኙ በ10 ቀን ውስጥ ከጫፍ ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ከዚህ የተረፈውም በአረም ይዋጣል።

አመድ እንጨምር?

በጥቂቱ፣ በኮምፖስቱ ውስጥ፣ ለ1 ሜትር ኩብ ከ2 ጣሳ ሳይበልጥ። አመድ ፖታሲየም ይሰጣል፣ ኮምጣጣ አፈርንም ያለዝባል፤ በወገራ ከፍታ ላለው ኮምጣጣ ቀይ አፈር ይጠቅማል። ዋልካ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮምጣጣ አይደለም፤ አመድ ሲጨመርበት ብረትና ዚንክ ይታሰሩና አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ለፓይነስ ጭራሽ አመድ አይስጡ።

የጣናን እምቦጭ ለኮምፖስት ማምጣት እንችላለን?

እዚያው ሐይቁ ዳር ከበሰለ አዎ፣ ጥሬውን ጭኖ ወደ ጎንደር ማምጣት ግን በፍጹም። እምቦጭ በጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ዘሩ በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። ከጭነት መኪና የወደቀ አንድ ተክል ወይም ሥሩ ላይ የተጣበቀ ጭቃ አንገረብ ግድብ ከገባ ጉዳቱ መመለሻ የለውም። በጎርጎራ ዳርቻ የሚሠሩ ማኅበራት ሳያብብ አውጥተው፣ ከውኃው ራቅ አድርገው ለአንድ ሳምንት ያጠውልጉት። ከ10 እጁ 9 እጁ ውኃ ስለሆነ ተራራ የሚያህለው ክምር ሲደርቅ ጥቂት ነው። ከዚያ 1 እጅ እምቦጭ ከ1 እጅ ጭድ ጋር ይከመር፤ ሥሩ ከውኃ ውስጥ ከባድ ብረቶችን የመሰብሰብ ጠባይ ስላለው ተቆርጦ ይለይ። ይህ ኮምፖስት ለዛፍ ችግኝ እንጂ ለጎመንና ለሰላጣ መደብ አይሁን።

የበቀለው ችግኝ በአንድ ሌሊት አንገቱ ተቆርጦ እንደ ሣር ይተኛል። ምንድን ነው?

ግንዱን ከአፈሩ ወለል ላይ የሚያበሰብስ ፈንገስ ነው። አጎንብሰው ቢያዩት ግንዱ መሬቱን የነካበት ቦታ በመርፌ እንደተጠቀጠቀ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ፣ ውኃ የጠጣ ይመስላል፤ ቅጠሉ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ትል ቢቆርጠው ኖሮ ቁስሉ ንጹሕና ሹል ይሆን ነበር።

ምክንያቱ ሁልጊዜም ማለት ይቻላል ሦስት ነገር ነው፦ ብዙ ውኃ፣ ብዙ ጥላ፣ ብዙ ዘር። ባሕር ዛፍን የመሳሰለ ደቃቅ ዘር በጣት ቆንጥሮ መበተን መደቡን ያጨናንቀዋል፤ ዘሩን ከ5 እጥፍ ደረቅ አሸዋ ጋር አደባልቆ መዝራት ይሻላል። በሽታው ከታየ የታመመውን ከነአፈሩ በአንድ መዳፍ ስፋት አንሥተው ያስወግዱ፣ ለ2 ቀን ውኃ ይከልክሉ፣ የሣር ጥላውን ጠዋት ጠዋት ይግለጡ፣ በላዩ ደረቅ የተነፋ አሸዋ በስሱ ይበትኑ። ማታ ማጠጣት ይቅር፤ የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅጠሉ እስኪነጋ እርጥብ ያድራል።

ለሚመጣው ዓመት አፈሩን በፀሐይ ያክሙት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ፀሐያማ ወቅት የተነፋውን አፈር 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፈው ውኃ ያጠጡና ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ ሸፍነው ዳሩን በአፈር ይድፈኑት። በቆላ 4 ሳምንት ይበቃዋል፣ በጎንደር ከፍታ ግን 6 ሳምንት ይስጡት። ጥቁር ፕላስቲክ አይሠራም፤ ራሱ ይሞቃል እንጂ ሙቀቱን ወደ አፈሩ በደንብ አያወርድም። የእርሾውን የደን አፈር የሚጨምሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ጥሩዎቹም አብረው ይሞታሉ።

ችግኙ ቢጫ ሆነብን። ዩሪያ እንስጠው?

መጀመሪያ የትኛው ቅጠል እንደሆነ ይዩ። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ላይኛው አረንጓዴ ከሆነ ናይትሮጅን አንሶታል። የላይኛው ለጋ ከሆነ ያነሰው ብረት ነው፤ አመድ ወይም ኖራ በዝቷል፣ አለዚያም ውኃ በዝቶ ሥሩ ታፍኗል። ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ከሄደ ያነሰው ፎስፈረስ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ብርድም ይህን ያመጣልና ብርዱ እስኪያልፍ ይጠብቁ።

ናይትሮጅን ከሆነ በ10 ሊትር ውኃ ማጠጫ ውስጥ 20 ግራም ዩሪያ ያሟሙ፤ በሾርባ ማንኪያ ሳይቆለል 2 ማለት ነው። ጠዋት ያጠጡና ወዲያው በንጹሕ ውኃ ቅጠሉን ያጥቡት። በ2 ሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ 3 ጊዜ። ከተከላው 6 ሳምንት ሲቀር ግን ያቁሙ። ፍሬውን ቆንጥሮ በየፕላስቲኩ መጣል ችግኙን ያቃጥለዋል፤ 0.3 ሊትር አፈር ለዚያ ሁሉ ጨው መበተኛ የለውም።

ማንግሮቭ በጣና ዳር ይበቅላል? ለጎብኚ ይማርካል ተብሎ ሐሳብ ቀርቦ ነበር።

ማንግሮቭ የጨው ውኃ ዳርቻ፣ ማዕበል ቀን በቀን የሚወጣበትና የሚገባበት ቦታ ዛፍ ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የጣፋጭ ውኃ ሐይቅ ስለሆነ ቦታው አይደለም። የጣና ዳርቻ የራሱ አለው፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ደለል ያጣራል፣ ዓሣና ወፍ ያስጠልላል። የጣና ተፋሰስ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ የተመዘገበ ስለሆነ ባዕድ ተክል ማስገባት ጭራሽ አይታሰብም። ደንገልን ከሥራ ሥሩ ቆርጦ ውኃው በሚሸሽበት ጭቃ መትከል ይቻላል።

ከማንግሮቭ የምንማረው ግን አለ። በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሕርጊጎ ጎርደን ሳቶ የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በቀይ ባሕር ዳርቻ ማንግሮቭ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ በሚደርስበት ቦታ ብቻ መሆኑን ተመለከቱ። ምክንያቱ ጣፋጭ ውኃው ሳይሆን ጎርፉ የሚያመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው ብለው፣ ማዳበሪያ በፕላስቲክ ከረጢት አሥረው ቀዳዳ በስተው ከችግኙ አጠገብ ቀበሩ፤ ብረትም ጨመሩ። ማዳበሪያው ጥቂት በጥቂት እየፈሰሰ ባዶ በነበረው ዳርቻ ዛፍ በቀለ። የጎደለውን ለይቶ ማወቅ፣ ያንንም ቀስ እያሉ መስጠት፤ ኮምፖስት ለእኛ ችግኝ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

የምንተክልበት ቦታ ጎብኚ እንዲመጣበት እንፈልጋለን። ቦታው ተስማሚ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዕይታውን ነው፤ ቆሶዬን የመሰለ ገደል አፋፍ ካለ በቃ ይላል። እኛ አፈሩን እናስቀድማለን፤ የሰው እግር ያጠበቀው መሬት ዛፍ አያሳድግምና። ዝናብ በጣለ ማግስት 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ በእጅዎ ይግፉ። 20 ሴንቲ ሜትር ያለ ትግል ከገባ ደህና ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ከቆመ መሬቱ ተጠቅጥቋል፤ በዶማ ሳይፈነቀል መትከል ችግኝ ማባከን ነው። የመጋቢ ሥር አብዛኛው የሚኖረው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። በፋሲል መዋኛ ግንብ ላይ ተንሰራፍተው ለሁሉም የሚታዩት ሥሮች ከመሬት በታች ምን ያህል ስፋት እንዳለ ለማሰብ ይረዳሉ።

የእግር መንገዱን ከመትከልዎ በፊት ይቀይሱ። ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ቁልቁለቱም በ10 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር ያልበለጠ ሆኖ ተዳፋቱን አግድም ይሂድ። ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በሁለት ክረምት ቦይ ይሆናል፤ ደለሉም ወደ አንገረብ ወይም ወደ መገጭ ይወርዳል። መንገዱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ፍርፋሪ ይነጠፍ፣ ችግኝ ከዳሩ 1.5 ሜትር ይራቅ፣ ማረፊያው ቀድሞውንም በጠነከረ መሬት ላይ እንጂ ለጋ ዛፍ ሥር አይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ቦታው ለጎብኚ ይዘጋ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሆነ የቅጽሩ ሥርዓት ይቀድማል፤ የት ድረስ እንደሚገባ የሚወስኑት የደብሩ አባቶች ናቸው።

የትኛው ዛፍ በየትኛው ወር ይዘራ?

ተከላው ከሐምሌ አያልፍም፤ ችግኙ ቢያንስ 2 ወር ዝናብ ማግኘት አለበት። ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ጥድ፣ ወይራና ዝግባ አዝጋሚ ስለሆኑ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘሩ፤ የወይራውን ጠንካራ ቅርፊት ውስጡን ሳይጎዱ ሰንጠቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ በጥር። ዋንዛና የሐበሻ ግራር በየካቲት። ሰስባኒያ በሚያዝያ ቢዘራም ይደርሳል፤ ቀድሞ ከተዘራ ከልክ በላይ ይረዝማል። ለግራር ዘር ውኃ ያፍሉ፣ ከእሳቱ ያውርዱ፣ ዘሩን ይጨምሩና እስኪነጋ እዚያው ይደር። ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው እንደገና ይደገምለታል። እሳት ላይ እያለ ከገባ ግን ይቀቀላል።

ሥሩ ከፕላስቲኩ ወጥቶ መሬት ገባ። ምን እናድርግ?

ከሚያዝያ ጀምሮ በየ3 ሳምንቱ ፕላስቲኩን አንሥተው የወጣውን ሥር በስለት ይቁረጡ፤ በደመና ቀን ወይም ወደ ማታ፣ ከዚያም በደንብ ያጠጡ። ካልተቆረጠ ዋናው ሥር መደቡ ውስጥ ይቀርና በተከላ ቀን ተበጥሶ ይመጣል። በግንቦት ውኃውን ከቀን በቀን ወደ 2 ቀን አንዴ ይቀንሱ፣ ጥላውን ያንሡ፤ ችግኙ ግንዱ ወፍሮ ይጠነክራል።

በተከላው ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ምን ይግባ?

ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በሚያዝያ ይቆፈር፤ የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። በተከላ ቀን ጥቁሩ አፈር ከ2 ኪሎ ኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ከታች ይገባል። ፕላስቲኩ ከላይ እስከ ታች ተቀድዶ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ከሥሩ ጫፍ የተጠቀለለው 1 ሴንቲ ሜትር በስለት ይቆረጣል። ካልተቆረጠ ሥሩ እየወፈረ ራሱን ያንቃል፤ ዛፉ ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ በነፋስ ይወድቃል፣ ሲነቀልም ሥሩ የፕላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ይገኛል። አንገቱ ከመሬት እኩል ይሁን፣ አፈሩ በእግር ተረከዝ ሳይሆን በእጅ ይጠቅጠቅ። በዋልካ መሬት ላይ ጉድጓዱ ውኃ ስለሚያቁር ችግኙ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ይተከል። የወጡትን ፕላስቲኮች ቆጥረው ይሰብስቡ፤ የተተከለው 500 ከሆነ ከረጢት ውስጥ የሚገባውም 500 ይሁን።